ዝናቡ በረዶ የሚሆንበት ከፍታ

ጡረታ ከወጣሁ ገና የመጀመሪያው ክረምቴ ነው፤ ኦክላንድ ያለው የቴሜስካል ሰፈር ሰው ግን አላመነኝም። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ምሳ ልበላ ስገባ፣ ገና ወንበር ሳልስብ ከወዲያ ጥግ አንዱ ይጠራኛል።

«እትዬ ከዲጃ! ቅዳሜ ልጆቹን ተራራው ላይ ታሆ ሐይቅ ልወስዳቸው ነው። መንገዱ ሴፍ ነው?»

«ጡረታ ወጥቻለሁ እኮ። ስልክህ ላይ አለልህ» እለዋለሁ።

«ስልኩማ አንዲት ደመና ሥሎ ዝም ይላል። እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።»

እኔም አያስችለኝም። ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ስንት ሰዓትስ እንደሚመለስ እጠይቀዋለሁ። አንዱን ስመልስ ሌላው ይቀጥላል፤ ምግቤም እዚያው ይቀዘቅዛል።

ሥራዬ በረዶ መተንበይ ነበር። ይህን ስናገር አዲስ የመጡ ልጆች ይስቃሉ፤ ኦክላንድም ሆነ ሳን ሆዜ በረዶ አይጥልማ። እውነታቸውን ነው፤ የእኛ ክረምት እንደ አገር ቤቱ ዝናብ ነው። ነገር ግን ጥቂት ሰዓት ወደ ምሥራቅ ከተነዳ የሴራ ተራራ አለ። ከውቅያኖሱ የሚነሣው ስቶርም፣ ያ ውሃ ያዘለ ማዕበል፣ በእኛ ላይ ዝናብ ሆኖ ያልፍና ተራራውን ሲወጣ እየቀዘቀዘ የተሸከመውን ሁሉ እዚያ ያራግፈዋል። በዚያው ተራራ ትከሻ ላይ ደግሞ ጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ የቤት መኪናው ወደ ኔቫዳ የሚሻገርበት አውራ ጎዳና አለ። እኔ ሳኒቬል ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የትንበያ ድርጅት እሠራ ነበር። ለትራንስፖርት ኩባንያዎች፣ ለግድብ ሰዎች፣ ለበረዶ ሸርተቴ ቦታዎች በየቀኑ እንጽፋለን፤ እነሱም የጻፍነውን ይዘው ይወስናሉ።

እናቴ በሕይወት ሳለች ይህን ሥራ በስልክ ላስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ። በወሎ በረዶ ማለት ከሰማይ እንደ ጠጠር ወርዶ ማሽላውን የሚያረግፍ መቅሠፍት ነው።

«በረዶ ሊጥልባችሁ ነው ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ?»

«አዎ እማ።»

«እነሱስ ምን ይሉሻል?»

«አንዳንዶቹ ደስ ይላቸዋል። ይንሸራተቱበታል።»

«አላህ ልቦና ይስጣቸው» አለች።

የአባቴ ጭንቀት ሌላ ነበር። እሱ ዝናብ የሚጥልበትን ጊዜ ከአንድ አላህ በቀር ማንም አያውቅም ብሎ ያደገ፣ እኔንም እንዲሁ ብሎ ያሳደገ ሰው ነው። «ልጄ፣ እጅሽን ከማይገባበት አስገባሽ እንዴ?» አለኝ። «አባ፣ ሰማዩ ሲጠቁር አይቶ የተሰጣ እህል ማስገባት ኃጢአት ነው?» አልኩት። ሳቀ። «እሱማ ብልሃት ነው» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራዬን ለጎረቤት ሲያስረዳ «ለአሜሪካኖቹ ስጥ ታስገባላቸዋለች» ይል እንደነበር ወንድሜ ነግሮኛል። ከዚህ የተሻለ የሥራ መግለጫ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ኮምቦልቻ በሚገኝ የአየር ሁኔታ ጣቢያ ነበርኩ። የዝናብ መለኪያውን ማንበብ፣ ቴርሞሜትሩን ማየት፣ የደመናውን ዓይነት መዝግቦ በሬዲዮ ወደ አዲስ አበባ ማስተላለፍ ነበር ሥራዬ። ዲቪ ደርሶኝ ኦክላንድ ስገባ ያንን የሚጠይቀኝ አልነበረም። መጀመሪያ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ቆረጥኩ፤ እየቆረጥኩም ሳን ሆዜ ኮሌጅ ገባሁ። ትምህርቱን ሳጋምስ ያቺ የሳኒቬል ድርጅት ስልክ የሚያነሣ ሰው ስትፈልግ አገኘሁና ገባሁ። ከስልክ ወደ ካርታ ጠረጴዛው ለመሻገር ጊዜ ወስዶብኛል። ያሻገረችኝ ማርጂ ናት።

ማርጂ የድርጅቷ ዋና ተንባይ ነበረች። አጠር ያለች፣ ፀጉሯን ራሷ በመቀስ የምትቆርጥ፣ ክረምት ከበጋ አንድ አረንጓዴ ሹራብ የምትለብስ ሴት። አባቷ በተራራው ላይ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳ ነበር፤ እሷም ልጅ ሳለች ከጎኑ ተቀምጣ ነው ያደገችው። ጠዋት ስትገባ ኮምፒዩተር አትከፍትም። ብርቱካን እየላጠች ባዶ ካርታ ዘርግታ የአየር ግፊቱን መስመሮች በእርሳስ ትሥላለች።

«ኮምፒዩተሩ እኮ ሥሎ አስቀምጦታል» አልኳት አንድ ቀን።

«እሱ ያሰበውን ከማየቴ በፊት እኔ የማስበውን ልወቅ» አለችኝ። «አለዚያ ሁልጊዜ እስማማለሁ።»

ቀጥላ ከኦክላንድ ወደ ሰማይ የተለቀቀው ፊኛ የላከውን ታያለች። ያ ፊኛ እየወጣ የእያንዳንዱን ከፍታ ሙቀትና እርጥበት በሬዲዮ ይልካል፤ እሷ ግን ዓይኗን የምትጥለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ዜሮ ዲግሪ የት ላይ ነው? ከእሱ በላይ በረዶ፣ ከእሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ዝናብ። ያንን ወሰን ስኖው ሌቭል እንለዋለን። የሥራችን ነፍስ እሱ ነው። ብዙ ውሃ ይመጣል ብሎ መናገር ከባድ አይደለም፤ ውሃው በየትኛው ከፍታ ላይ በረዶ እንደሚሆን መናገር ነው ጭንቁ። አውራ ጎዳናው ተራራውን የሚሻገርበት መተላለፊያ ሰባት ሺህ ጫማ ላይ ነው። ስኖው ሌቭሉ ስምንት ሺህ ከሆነ ሹፌሩ በዝናብ ውስጥ እየዘፈነ ያልፋል። ስድስት ሺህ ከሆነ ያው ዝናብ መንገድ ይዘጋል፣ ሰው ይገድላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቴርሞሜትር ሲታይ እፍኝ አይሞላም።

የማርጂ ሦስተኛ ልማድ ስልክ ነበር። ተራራው ላይ ሦስት ወዳጆች ነበሯት። ከታች አንድ ጎሚስታ፣ ከመካከል የነዳጅ ማደያ የምትሠራ ሴት፣ ከላይ መተላለፊያው አጠገብ የሚኖር ጡረተኛ መምህር። ደውላ «በረዶ እየጣለ ነው ወይ?» አትልም። ሰው ሲጠየቅ የሚፈራውን ወይም የሚመኘውን ይመልሳል ትላለች። «ውጣና ተመለስ፤ ጫማህ ላይ ምን አለ?» ነው የምትለው። ይህን ለአገሬ ሰው ስተረጉም ሁሌ ያስቀኛል፤ እኛ ከፍታውንም በጫማ፣ የምንረግጥበትንም ጫማ ነውና የምንለው።

በመጨረሻም የተጻፈውን ትንበያ ቆማ ጮክ ብላ ታነበዋለች። «አንቺ የምታውቂውን አትጻፊ» ትለኝ ነበር። «ሰውየው አንብቦ ምን እንደሚያደርግ አስቢና እሱን ጻፊ።»

አለቃችን በዚህ አይስማማም። እሱ ከስቶርም ይልቅ ጠበቃ የሚፈራ ሰው ነበር። በየዓረፍተ ነገሩ «ሊሆን ይችላል» እና «አነስተኛ ዕድል አለ» እንድንጨምር ይመክረናል፤ ከተሳሳትንም ብለን ነበር ለማለት እንዲመቸው። ደመወዝ የሚጨምረው እሱ ነውና እኔ በሁለቱ መካከል እንደ ገመድ እጎተት ነበር።

ማርጂ ብቻዬን እንድጽፍ የፈቀደችልኝን የመጀመሪያውን ትንበያ አልረሳም። ከአላስካ በኩል የሚወርድ ቀዝቃዛ ስቶርም ነበር። እንዲህ ያለው እንደ ቁጡ ሰው ነው፤ ያስፈራል እንጂ አያታልልም። ቅዝቃዜውን ይዞት ስለሚመጣ በረዶው የት እንደሚወርድ አያጠራጥርም። በጠራራ ፀሐይ ከባድ በረዶ ይመጣልና መኪኖቻችሁን አቁሙ ብዬ ጻፍኩ። በማግሥቱ ተራራው ተዘጋ። ልጄ ሐያት ያኔ ትንሽ ናት፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ የሆነውን ጎዳና አይታ ዞር አለችና «ማሚ፣ ዲድ ዩ ሜክ ኢት ስኖው?» አለችኝ። «አይደለም የኔ ልጅ፣ አላህ ነው» አልኳት። «ባት ዩ ኒው» አለች፤ አንቺ ግን ታውቂ ነበር ማለቷ ነው። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

የሚያታልለው ከሃዋይ በኩል የሚመጣው ነው። እንደ ወንዝ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ሞቃት እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል። ሞቃት ስለሆነ ስኖው ሌቭሉ ከፍ ብሎ ይቆያል፤ በመተላለፊያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ብዙውን ጊዜ።

ጋሽ ይማም የከሚሴ ሰው ናቸው። የማውቃቸው በኢድ ሶላት ነው፤ ከባለቤታቸው ከዘይነባ ጋር ሳን ሆዜ ይኖራሉ። የቱሪስት አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። አብዛኛው ተሳፋሪያቸው ተራራውን ተሻግሮ ኔቫዳ ሬኖ ሄዶ ቁማር የሚጫወት አዛውንት ነው። «እነሱ ይቆምራሉ፣ እኔ መሪ እይዛለሁ፤ ወንጀላችን ለየብቻ ነው» እያሉ ያስቁን ነበር። ኩባንያቸው የእኛ ደንበኛ ነበር።

አንድ ዓርብ ሱብሂ ሰግጄ ሥራ ገባሁ። ማርጂ ፈቃድ ላይ ናት። ከሃዋይ በኩል የሚመጣው ስቶርም ደርሶ ኦክላንድ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ካርታዬን በእጄ ሣልኩ። ፊኛው ዜሮ ዲግሪውን ከመተላለፊያው በጣም ከፍ አድርጎ አሳየኝ፤ ኮምፒዩተሩም ተስማማ። ሦስቱም ጋ ደወልኩ። የጎሚስታው ጫማ ውሃ። የማደያዋ ሴት ጫማ ውሃ። የመምህሩም ጫማ ውሃ ብቻ። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ፤ ነፋሱ ደካማ ነበር፣ ዝናቡ ግን ከባድ ነው የሚሆነው። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «በረዶው ከመተላለፊያው በላይ ይቀራል። ዝቅ ሊል የሚችልበት አነስተኛ ዕድል አለ።» ለራሴ አነበብኩት፤ ደህና መሰለኝ፤ ላክሁት።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ራሱ ደወለ። እሱ በራሱ ደውሎ አያውቅም።

«ከዲጃ፣ ጫማዬ ነጭ ሆነ» አለ።

የሆነው ይህ ነው። ከላይ የሚወርደው በረዶ ወደ ሞቃቱ አየር ሲገባ ይቀልጣል። ሲቀልጥ ደግሞ ለስላሳ ውስጥ የገባ በረዶ ለስላሳውን እንደሚያቀዘቅዘው ሁሉ አየሩን ያቀዘቅዘዋል። ነፋስ ቢኖር ሌላ ሞቃት አየር አምጥቶ ይተካ ነበር። ነፋስ የለም። ዝናቡ በበረታ ቁጥር አየሩ በራሱ ዝናብ እየቀዘቀዘ፣ ስኖው ሌቭሉ እንደ ተናደ ግድግዳ ከመተላለፊያው በታች ወረደ። ማስጠንቀቂያ ለመላክ ደቂቃም አልፈጀብኝም፤ አውቶቡሱ ግን ዳገቱን ጀምሮታል።

ጋሽ ይማም መንገዱ ነጭ ሲሆንባቸው ዳር ይዘው አቆሙ። በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት የሚታሰረውን ሰንሰለት ጎማው ላይ ሊያጠልቁ ወረዱ። ከኋላ የመጣች መኪና ተንሸራታ እሳቸውን ከአውቶቡሱ ጋር አጣበቀቻቸው።

እኔ የሰማሁት ከአለቃዬ ነው። ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ «የአንድ ደንበኛችን ሹፌር ተጎድቷል» አለኝ።

«ስሙ ማን ይባላል?»

ወረቀት ላይ አየ። «ያማም? ዪማም? እንዲህ የሚል ነገር።»

መንገዱ ሲከፈት ዘይነባን ይዤ ወዳሉበት ሆስፒታል ነዳሁ። በየመንገዱ የተተዉ መኪኖች በበረዶ ተሸፍነው እንደ መቃብር ተደርድረዋል። የጋሽ ይማም ዳሌና ጭን ተሰባብሮ በብረት ተይዟል። ገና ከበሩ ስገባ «ተሳፋሪዎቹ ሁሉም ደህና ናቸው?» አሉኝ። «አንዲት ሴትዮ ቦርሳቸውን አውቶቡስ ውስጥ ረስተዋል። ለኩባንያው ንገሪልኝ።»

«ጋሽ ይማም፣ የዚያን ቀን ትንበያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ፊቴን አዩኝ። የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «ተይው እህቴ። ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው ነው» አሉ።

እንዳጽናኑኝ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አልተጽናናሁም። ቀደር መሆኑን መች አጣሁት? እኔ የፈለግሁት እንዲቆጡኝ ነበር። ቀደር ከተባለ በኋላ የሚቀጥል ንግግር የለም፤ በሩ ተዘጋ።

ማርጂ ከፈቃድ ስትመለስ የጻፍኩትን አውጥታ እንደ ልማዷ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው። ብርቱካኗን አልላጠችም።

«ያን ቀን እኔም ብሆን ቁጥሩን እንዲሁ ነበር የማደርገው» አለች። «የወደቀው ቁጥሩ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ ነው። ‹አነስተኛ ዕድል አለ› የሚለውን አንብቦ ሰንሰለቱን ከታች ሜዳው ላይ የሚያስር ሹፌር አለ?»

«የለም» አልኩ።

«ታዲያ ለማን ጻፍሽው?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቃለን። ለጠበቃ ነበር የጻፍኩት።

ቀሪው ክረምት የከፋ ነበር። ደመና ባየሁ ቁጥር በረዶውን ዝቅ አድርጌ፣ አብዝቼ፣ አስፈሪ አድርጌ እጽፍ ጀመር። ኩባንያዎቹ መኪኖቻቸውን ያቆማሉ፤ በተራራው ላይ ፀሐይ ትወጣለች። በመጀመሪያ ተማረሩ፤ ቀጥሎ ማማረሩንም ትተው እኔን መስማት አቆሙ። አንድ ጠዋት ማርጂ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ከዲጃ፣ ተራራውን አይደለም የምትተነብዪው፤ ፍርሃትሽን ነው። ተራራው ላይ ያለው ሰው ደግሞ ያንቺን ፍርሃት ሊያውቅልሽ አይገደድም። አንድ ቀን እውነተኛው ሲመጣ ማን ያምንሻል?»

«ሌላ ሰው እንዳይሰበር ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። እሱ ጥንቃቄ አይባልም። ነገ የሚሰበረውን ሰው ዛሬ ማዘናጋት ነው።»

ሄጄ መጸዳጃ ቤት አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ባዶ ካርታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣ እርሳሱን ቀርጻ አስቀምጣልኛለች። እንደ ጀማሪ ከመጀመሪያው ጀመርን። ያኔ ነው የአጻጻፌን ነገር የለወጥኩት። ስቶርሙ ከየት እንደመጣ፣ ስኖው ሌቭሉ ስንት እንደሆነ የሚለውን ወደ ጽሑፉ ግርጌ አወረድኩት። መጀመሪያ የምጽፈው ሹፌሩ የሚያደርገውን ሆነ፤ ሰንሰለት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም፤ ካስፈለገ የት ቦታ፣ በየትኛው ሜዳ ላይ፣ ዳገቱ ሳይጀመር ይታሰር። እርግጠኛ ካልሆንኩም «እርግጠኛ አይደለሁም፤ ስለዚህ ይዘህ ሂድ» ብዬ ነው የምጽፈው። አለቃችን አንብቦ «እንዲህ ተብሎ ይጻፋል እንዴ?» አለ። ማርጂ ከጀርባው «ተልኳል» አለችው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት አለፈ። ማርጂ ጡረታ ወጥታ ወደ ተወለደችበት ተራራ ተመለሰች፤ እዚያው አረፈች። በቀብሯ ላይ ጎሚስታውም መምህሩም ነበሩ፤ ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን አላውቅም ነበርና ስንተዋወቅ እንደ ዘመድ ተቃቀፍን። እኔ ዋና ተንባይ ሆንኩ። አለቆች ተለዋወጡ። የመጨረሻዋ ፕሪያ የምትባል ከሐያት ብዙም የማትበልጥ ወጣት ናት፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚማርበትን አዲሱን ዘዴ ያመጣችው እሷ ነች። ሰው ሁሉ «መቼም እኔን አያክልም» እንድል ይጠብቃል። እውነቱን ልናገር፤ ከእኔ ይሻል ነበር። ሁልጊዜ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይሻል ነበር። እርሳስ ይዤ የምታገለውን እሱ ዓይኔን ሳላሽ ጨርሶት ይጠብቀኛል። በእሱ ጽሑፍ ላይ ፊርማ ማኖር ብቻ ሲቀረኝ ጡረታዬን ጠየቅሁ።

ልወጣ ስል ፕሪያ «ከዲጃ፣ የድሮ ስቶርሞችን በአዲሱ ዘዴ እንደገና እያስሮጥን ነው፤ የምትመርጪው አለሽ?» አለችኝ። ሳላስበው ያንን ዓርብ ነገርኳት። ከምሳ በኋላ ጠራችኝ። የዚያን ቀን ጠዋት የነበረንን መረጃ ብቻ ሰጥታዋለች፤ ስክሪኑ ላይ ስኖው ሌቭሉን የሚያሳየው ሰማያዊ መስመር ከተራራው በላይ ጀምሮ፣ ከሰዓት በኋላ ተናደና ከመተላለፊያው በታች ወረደ። ልክ እንደሆነው። እንባዬ መጣ። ፕሪያ ደነገጠች፤ ያጠፋች መስሏት «አይ አም ሶ ሶሪ» ትላለች። «ምንም አላደረግሽም» አልኳት። ያን ቀን ይህ ኖሮ ቢሆን አንድ ሰው ዛሬ በሁለት እግሩ ይራመድ ነበር ብዬ እንዴት ላስረዳት? ደስ አለኝ፤ ደግሞም አንገበገበኝ።

ጡረታ በወጣሁ ሳምንት ሳን ሆዜ ሄድኩ። ጋሽ ይማም ከአደጋው በኋላ መሪ አልያዙም። ከዘይነባ ጋር ሐላል ሥጋና ቅመም የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ አላቸው። ለረጅም ዓመታት እንገናኛለን፤ በኢድ፣ በኒካህ፣ በለቅሶ፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አንሥተን አናውቅም። ምርኩዛቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው ሚዛን ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ አዲሱ ዘዴ፣ ስለ ሰማያዊው መስመር፣ ስለዚያች የእኔ ዓረፍተ ነገር።

«ያቺን ቃል ባልጽፍ ኖሮ ሰንሰለቱን ከታች ያስሩት ነበር» አልኳቸው። «ይህን ሁሉ ዘመን ከሆዴ አልወጣችም።»

ጨርቁን አስቀመጡ። ዘይነባን አዩ፤ ዘይነባ ደግሞ ወደ መሬት አየች።

«ከዲጃ» አሉኝ፣ «እኔ እኮ አላነበብኩትም።»

«ምኑን?»

«ያንቺን ጽሑፍ። ትንበያ የሚባል ነገር ለእኛ እንደሚላክ እንኳ አላውቅም ነበር። አውቶቡሶቹን የሚያሰማራው የኩባንያው ሰው፣ አሰማሪው፣ ቁልፍ ሰጠኝ፤ ሂድ አለኝ፤ ሄድኩ። እሱ አንብቦት እንደሆነ አላህ ይወቅ።»

«ታዲያ ያኔ ሆስፒታል ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

አፈሩ። ያን ትልቅ ሰው ሲያፍሩ አይቼ አላውቅም። «እንዳይከፋሽ ነዋ! ያን ያህል መንገድ ነድተሽ መጥተሽ ‹እኔ ነኝ የጻፍኩት› ስትይኝ፣ የጻፍሽውን የሚያነበው የለም ልበልሽ? የሥራሽን ዋጋ ማሳነስ መሰለኝ። በኋላ ደግሞ ጊዜው ሲርቅ ማንሣቱ ከበደኝ።»

ዘይነባ «ስንቴ ንገራት ብየዋለሁ መሰለሽ!» አለች።

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። አሰማሪው አንብቦት ይሆናል፤ ላያነበውም ይችላል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ጥፋቷ ምን ያህል እንደነበረ ከእንግዲህ አላውቅም ማለት ነው። የሥራ ዘመኔን ሙሉ የጻፍኩት ለእኚህ ሰው ነበር፤ አንብበው አታልያቸዋለሁና ዳግመኛ አላታልላቸውም ብዬ።

«ከዚያ ወዲህ ግን አነበዋለሁ» አሉ ጋሽ ይማም። «ኩባንያው ከአደጋው በኋላ ለሹፌሮቹ ማደል ጀመረ። ልጆቹ ሥጋ ሊገዙ ሲመጡ ስልካቸውን ተቀብዬ አያለሁ። ዛሬ የከዲጃ ነው፣ እመኑት እላቸዋለሁ።»

«ስም እኮ የለበትም! በምን ያውቁታል?»

«ሌሎቹ ስለ ደመና ነው የሚጀምሩት። አንቺ ከሰንሰለት ነዋ የምትጀምሪው።»

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እንደ ተማሪ «ልክ ነበርኩ?» አልኳቸው።

አሰብ አደረጉ። ለማጽናናት ብለው እንዳይዋሹኝ ብዬ ፈራሁ።

«አብዛኛውን ጊዜ» አሉ። «ብትሳሳቺም የምትሳሳቺው ወደ ደህናው በኩል ነበር።»

ማርጂ ይህን ብትሰማ ኖሮ ወንበሯን ስባ፣ ስህተት ወደየትም በኩል ቢሆን ስህተት ነው ብላ ትቆጣ ነበር። እኔ ግን ሙገሳውን ተቀበልኩ። ዘይነባ የሱቁን በር መለስ አድርጋ ምሳ አቀረበችና ሦስታችንም በላን።